ውርጭ ላይ ሰላምታ የለም

ሬዲዮው «በአንዳንድ አካባቢዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከወትሮው ይበረታል» ሲል በሰማሁ ቁጥር ንዴቴ ይመጣል። ቅዝቃዜ! ቅዝቃዜማ የሻይ ነው። መካኒሳ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ሃያ ዓመት አትክልት ያመረተ ሰው እንዲህ አያወራም። ስም ያለው ነገር በስሙ ይጠራል።

እስቲ ልንገራችሁ። ብርድ ማለት ሰውን የሚይዘው ነው፤ ጋቢ ደርበህ ታመልጠዋለህ። በረዶ ማለት በክረምት ከላይ እየወረደ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ነው፤ መምጣቱን እየጮኸ ይናገራል። ውርጭ ግን አይወርድም፣ አይጮህም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ዝም ብሎ ምድር ላይ ያድራል። ጠዋት ሣሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ የሚታየው ነጩ ነገር አመዳይ ይባላል። ፀሐይ ስትነካው አመዳዩ ይጠፋል፤ ቅጠሉ ግን እስከ ቀትር ጠቁሮ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ያኔ «ውርጭ መታው» እንላለን። ሰውንም እንለዋለን። እጮኛዋ የቀረባትን ልጅ፣ ስብሰባ ላይ ተሰድቦ የወጣውን ሰውዬ፣ «ምነው ውርጭ የመታህ መሰልክ?» እያልን እንስቅ ነበር። እኔ አሁን አልስቅም። ለምን እንደሆነ ልናገር ነው የተቀመጥኩት።

ይህን ሁሉ ያስተማረን ጋሼ ቀጄላ ነው። ሰፈሩ ሰፈር ሳይባል እዚያው ወንዝ ዳር የተወለደ ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አዝራሩ የረገፈ የወታደር ካፖርት ክረምት ከበጋ የማይለየው። እኛ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከከምባታ መጥተን የአትክልት አምራቾች ማኅበር ስንባል፣ መሬቱን ከልቡ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሊቀመንበር ግን አላደረግነውም፤ መጻፍ አይችልም፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ ያንቀላፋል። የዕቃ ቤት ኃላፊ አደረግነው።

ጎጆው እዚያው ማሳው ዳር ነው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ጎድጓዳ ሳህን በውሃ ሞልቶ ከሁሉ ዝቅ ያለው የአትክልት መደብ ላይ ያስቀምጣል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰዓት እላፊው ሲነሣ ወጥቶ በጣቱ ይነካዋል። ውሃው ውሃ ከሆነ ተመልሶ ይተኛል። ጣቱ ስስ በረዶ ከነካ ግን ካፖርቱን እየጎተተ በየደጁ ይሮጣል። ድሮ እሳት አንድደው በጭስ ይከላከሉት ነበር አሉ፤ በኛ ጊዜ በጨለማ እሳት ማንደድ ሌላ ነገር ያስጠረጥር ስለነበር ተከልክሏል። የቀረን መላ አንድ ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ ቅጠሉን ማጠብ። ቂጡ በሚስማር የተበሳ የዘይት ጣሳ በውሃ ሞልተን ከመደብ መደብ እንሮጣለን። አመዳዩ ታጥቦ ከወረደ ተክሉ ይተርፋል፤ ፀሐይ ከቀደመችህ አለቀ። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፣ የተማረ ጠይቁ።

ያለን ጊዜ ታዲያ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። የኛን አገር ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ያ የታመመውስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይመስገነው እየተባለ ግማሽ ማሳ ይታጠብበታል። ስለዚህ ጋሼ ቀጄላ በር ሲያንኳኳ የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ውርጭ!» በቃ። ሰላምታ የለም፣ መልስም የለም። ሰላምታው ግን አይቀርም፤ ይቆያል እንጂ። አጥበን ጨርሰን፣ ፀሐይ ወጥታ፣ እጃችንን በቀሚሳችን ስንጠርግ፣ እሱ በየመደቡ እየዞረ ገና አሁን እንደተገናኘን ሁሉ «እንዴት አደርሽ? እንዴት አደርክ?» ይላል። አቤት የዚያን ጊዜ ደስታ! ተርፈናል ማለት ነበር።

ጨካኝ ሽማግሌ ነው የሚሉትም ነበሩ። ባለቤቴ አባይነህ በኅዳር ሞቶ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ፣ ገና በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋሼ ቀጄላ በሬን አንኳኳ። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» ሊል የመጣ መስሎት ቦታ ለቀቀለት። እሱ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ «ውርጭ!» አለ። እህቴ ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ተነሣ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ የእኔን መደብ አጥበውልኝ መጡ። ያን ዓመት ሁለት ሴት ልጆቼን ያበላሁት በዚያ ቃሪያ ነው። እሱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተመለሰና «እንዴት አደርሽ ተናኘ» ብሎኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ካፖርቱን ፊቱ ላይ ጥሎ እንደ ታላቅ ወንድም አለቀሰልኝ። እንግዲህ እኔ ይህ የተደረገልኝ ሰው ነኝ። ሌላውን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ነው። የማኅበሩ የጋራ ማሳ በድንች ተሸፍኖ፣ አብቦ ያስጎመጃል። ለግንባር ስንቅ ተብሎ የተመዘገበ ድንች ነው። ጓድ ወጋየሁም እየተመላለሰ ይጎበኘዋል። ጓድ ወጋየሁ ማኅበራችንን እንዲከታተል የተመደበ ካድሬ ነው፤ ቆዳ ጃኬት ለባሽ፣ ተወልዶ ያደገው ሞቃት አገር፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ማሳው ላይ ታይቶ የማያውቅ።

ለጋራው ማሳ የሚሆኑት ጣሳዎች ዕቃ ቤት ይቆለፋሉ። ቁልፉ በየሳምንቱ በተራ ይዞራል። «ውርጭ» ሲባል ተረኛው ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ ይከፍታል፤ ሰው ሁሉ ጣሳ ጣሳውን አንሥቶ መጀመሪያ የጋራውን ያጥባል፣ ከዚያ ወደየግሉ ይሄዳል። ያ ሳምንት የሱልጣን ተራ ነበር። ሱልጣን ጎረቤቴ ነው፤ አጎቱ ሞተውበት ድንገት ወደ ቡታጅራ ሄደ። ማታ ጋሼ ቀጄላ ቁልፉን ይዞ መጣና «ተናኘ፣ እስኪመለስ አንቺ ያዢው» አለኝ። ይህን ከእኔና ከእሱ በቀር ያወቀ የለም።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተደበደበ። «ውርጭ!»

ቁልፉን ጡቴ ሥር ከትቼ፣ የራሴን ጣሳ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የእኔ መደብ ወደ ዕቃ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቃሪያዬን አየሁት፤ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ፈጣሪ ያውቃል፣ ሁለት መደብ ብቻ ላጥብ ብዬ ነው። ሁለቱን ስጨርስ ሦስተኛው አሳዘነኝ። ከዚያ አራተኛው። ሰዎቹ ዕቃ ቤቱ ጋ ደርሰው ቢያዩት ተቆልፏል፤ ተረኛው እስኪመጣ ብለው ወደየግላቸው ተበተኑ። ጋሼ ቀጄላ ከላይ በኩል ያሉትን ቤቶች እያንኳኳ ነው፤ እሱ ተከፍቶ እየታጠበ መስሎታል። ቀና ስል ፀሐይዋ ድልድዩ ላይ ደርሳለች።

ስሮጥ ደረስኩ። ጋሼ ቀጄላ ድንቹ መሐል ብቻውን ተንበርክኮ፣ ከቦዩ በመዳፉ ውሃ እየዘገነ ቅጠሉ ላይ ይረጫል። በመዳፉ! ያን የሚያህል ማሳ! ቁልፉን አውጥቼ ወደ ዕቃ ቤቱ ልዞር ስል «ተይው ተናኘ፣ ወጥታለች» አለኝ። አልተቆጣኝም። ያን ቀን በየመደቡ አልዞረም፤ «እንዴት አደርሽ» ያለውም ሰው የለም። እስከ ቀትር ድንቹ በሙሉ ጠቆረ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ወጋየሁ ከሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጋር መጣ።

«ይሄን ድንች ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

«ውርጭ ነው ጓድ» አለ ጋሼ ቀጄላ ተነሥቶ።

«ውርጭ ማለት ምን ማለት ነው?»

ጋሼ ቀጄላ ጨነቀው። «ውሃ ምን ማለት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ያህል ነው። «ሰማዩ ሲጠራ ምድር ላይ የሚያድረው ነዋ» አለ።

«በረዶ ዘነበ ነው የምትለኝ?»

«አይዘንብም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«አይመጣም ጓድ። ያድራል።»

ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ጓድ ወጋየሁ አልሳቀም። «ዝናብ ከቆመ ስንት ጊዜው! እኔም ያደርኩት እዚሁ ከተማ ነው፤ በረዶ የሚባል አላየሁም። ደግሞ በግል የያዛችሁት ቃሪያ አረንጓዴ ነው፣ ቲማቲሙ አረንጓዴ ነው። የጠቆረው የግንባሩ ድንች ብቻ ነው። ይሄ ውርጭ የምትሉት ነገር የግልና የጋራ ይለያል?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የግሉን ያላጠበ አልነበረም።

«ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ እንደነበር ሰምቻለሁ» አለ ጓድ ወጋየሁ። «ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ቁልፉ ጡቴ ሥር ነበር። ቆርቆሮ እንደ ነካሁ ሁሉ ገላዬን ሲያቀዘቅዘኝ ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉብኝ፤ አንዷ ስድስት ዓመቷ፣ አንዷ አራት።

«እኔ ጋ ነበር» አለ ጋሼ ቀጄላ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። «ኃላፊው እኔ ነኝ። ሳልከፍተው ቀረሁ።»

እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። ይኸው ነው። ሌላ የማስጌጠው ነገር የለኝም።

ጋሼ ቀጄላ ቀጠለ። «ውርጭ መኖሩን ግን አሳይሃለሁ። ነገ ማለዳ ና፤ ፀሐይ ሳትወጣ። ከሳህኑ ላይ በረዶውን አንሥቼ እሰጥሃለሁ።»

ጓድ ወጋየሁ አሰበና «እመጣለሁ» አለ። «በረዶውን ካሳየኸኝ ጥፋትህ ቸልተኝነት ነው፤ ማኅበሩ ራሱ ይቅጣህ። ካላሳየኸኝ ግን ስሙ አሻጥር ነው።» በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ዕድሜ ልካችንን ውርጭን ስንራገም የኖርን ሰዎች ያን ማታ ውርጭን ለመንን። ሙስሊሙ ዱዓ አደረገ፤ እኔ ለሚካኤል ጥላ ተሳልኩ። ቃሪያዬን በሙሉ ውሰደው፣ አንድ ሳህን በረዶ ብቻ ስጠኝ አልኩት። ጋሼ ቀጄላ ሳህኑን ሞልቶ አስቀመጠና ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ ቆየ። በፉሪ ተራራ በኩል ደመና ብቅ ብሏል። የውርጭ ጠላት ደመና ነው፤ ሰማዩ ከተሸፈነ ምድር ይሞቃል። «ያልፍ ይሆናል» አልኩት። «ያልፍ ይሆናል» አለኝ እሱም። ሁለታችንም አላመንነውም።

ያን ማታ ልናገር እችል ነበር። ጓድ ወጋየሁ የሚያድርበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሰዓት እላፊው አልገባም። «ነገ በረዶው ከታየ ሁሉም ያልፋል» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ፤ ይህም አይገርማችሁም?

ጓድ ወጋየሁ እንዳለው በማለዳ ከሁለቱ ጠባቂዎች ጋር መጣ። ሰማዩ ከዳር እዳር ድፍን ነበር። ጋሼ ቀጄላ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ። ካድሬው ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ጃኬቱ ላይ ጠረገው። «ውሃ ነው» አለ። ይዘውት ሄዱ። ሚስቱ እትዬ ቡዜ እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተለችው፤ ጋቢ ልታቀብለው ስትሮጥ አንደኛው ጠባቂ መለሳት።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ። በአሥራ አንድ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው የለ፤ እኔ ራሴ ወጥቼ ማታ ሞልቼ ያስቀመጥኩትን ሳህን ነካሁት። በረዶ! እንደ መስታወት ክዳን ግጥም ብሎ ተጋግሯል። ቃሪያዬን ዞር ብዬ አላየሁትም። ሳህኑን ገለባ ውስጥ ቀብሬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ዳገቱን ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። ስደርስ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ዘበኛው «ቢሮ በሁለት ተኩል ነው የሚከፈተው» አለኝ። «ወንድሜ፣ እስከዚያ ይሟሟል!» ብለው «ምኑ?» አለኝ። ገለባውን ገልጬ አሳየሁት። እጁን ሰዶ ነካና «ኧረ ይበርዳል!» አለ፤ በሩን ግን አልከፈተልኝም። አጥሩ ሥር፣ ጥላ ፈልጌ፣ ሳህኑን በገላዬ ከፀሐይ እየከለልኩ ተቀመጥኩ። የሰው ገላ ይሞቃል አይደል? እሱን እንኳ አላሰብኩትም።

ጓድ ወጋየሁ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ገለጥኩለት።

«ውሃ ነው» አለ።

«በረዶ ነበር ጓድ። ዘበኛውን ጠይቀው።»

ዘበኛው ወደ ሌላ በኩል ዞረ። ጓድ ወጋየሁ ቢሮው ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ቁልፉ እኔ ጋ ነበር! ቃሪያዬን ሳጥብ ነው ዕቃ ቤቱ ሳይከፈት የቀረው። አስረኝ፣ እሱን ፍታው!»

ቁልፉን አገላብጦ አየው። «ሰውየው ቁልፉ እኔ ጋ ነበር ብሎ በአውራ ጣቱ ፈርሟል። ጉዳዩም ወደ በላይ አካል ተላልፏል። አሁን አንቺ የተፈረመ ቃል ሐሰት ነው ልትይኝ ነው?» አለና ቁልፉን መልሶ ገፋልኝ። «ልጆች የሉሽም? ሂጂና ልጆችሽን አሳድጊ።»

እትዬ ቡዜ ስንቅ ለማድረስ ስትነሣ ጠብቄ መንገድ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም፣ አንድም ሳላስቀር። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝና የምግቡን ሳህን ያሰረችበትን ጨርቅ እጄ ላይ አኖረች። «ዛሬ አንቺ ተሸከሚው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድም ሳምንት ሳላቋርጥ ተሸከምኩት። እስር ቤቱ በር ላይ ይቀበሉናል፤ እሱን ግን አላየነውም።

በነሐሴ ፈቱት። የሲሚንቶ ወለል ጉልበቱን ጨርሶት በዱላ ይሄዳል፣ ጣቶቹ ተቆልምመው አይዘረጉም። ሰፈርተኛው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊለው ጎረፈ። እኔ እስከ ደጁ ሄጄ ተመለስኩ፤ በልጄ እጅ አንድ ኪሎ ስኳር ላክሁ። በመንገድ ካፖርቱን ካየሁ በሌላ በኩል እጠፋለሁ። ሦስት ወር እንዲያ ኖርኩ። ያን ቁልፍ ከዚያ በኋላ ማንም በተራ ሊይዘው ስላልፈለገ እኔ አንገቴ ላይ አስሬው ነበር። ሰው ደግሞ «ቀጄላ ከእንግዲህ ሳህን አያስቀምጥም፣ ምን በወጣው!» ይላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ በእጅ አይደለም፣ በዱላ።

«ውርጭ!»

ድምፁ የእሱ ነው። ወጣሁ። በጨለማው ውስጥ ካፖርቱ ብቻ ይታየኛል። «ጋሼ...» ስል «ፍጠኚ» አለኝና ዱላውን እየተከለ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ቃሪያዬ አጠገብ ስደርስ ፊቴን አዙሬ ሮጥኩ። ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ፤ ሰዎቹ ደረሱ፤ ጣሳ እየተቀባበልን የጋራውን ድንች አጠብን፣ አንድ መስመር ሳይቀር። እሱ ማጎንበስ ስለማይችል ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «በስተቀኝ ቀርቷል! እዚያ ጥግ ላይ!» ይላል። የእኔ ቃሪያ ያን ቀን ጠቆረ። እሰይ፣ ይጥቆር።

ፀሐይዋ ድልድዩ ላይ ብቅ ስትል ድንቹ ውሃ እያንጠባጠበ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ጋሼ ቀጄላ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣና እንደ ድሮው ይዞር ጀመር። «እንዴት አደርክ ሱልጣን? ልጆቹስ?» ወደሚቀጥለው፣ ደግሞ ወደሚቀጥለው። እኔ መጨረሻ ላይ ጣሳ እያነባበርኩ ነበር። መሸሻ የለኝም። መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«እንዴት አደርሽ፣ ተናኘ?»

አንድ ዓመት የቆየ ሰላምታ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉ እኮ ያን ቀን እኔ ጋ ነበር!» አልኩ። ሱልጣን የያዘውን ጣሳ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ ቀጄላ። «እኔ ሰጥቼሽ የለ? አሁን የጠየቅሁሽ እንዴት አደርሽ ብዬ ነው።»